ፀደይ ሲመጣ የሚቆጣ ቆዳ

የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ተፈልቷል። ከቅዳሴ የተመለሱ ጎረቤቶች ቆሎውን እየዘገኑ ይጫወታሉ። የቤቱ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ዘንባባዋን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። የምትጫወትበት መስሎኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳያት ግን በደረቀው ጫፍ የክርኗን መታጠፊያ ታክካለች፤ ቀስ እያለች፣ የእናቷን ዓይን እየጠበቀች።

"አትከኪ ብዬሻለሁ!" አለች እናትየው፣ ሲኒ እያጠበች፣ ቀና ሳትል።

"አልነካሁትም።"

"ድምፁ ይሰማኛል።"

እውነቷን ነው፤ ድምፅ አለው። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ያሳደገ ሰው ሌሊት ከግድግዳ ማዶ የሚሰማውን የጥፍር ድምፅ ያውቀዋል። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋልኝ የክርኗ መታጠፊያ ከቀሪው ገላዋ ጠቆር፣ ወፈር ብሎ መስመር መስመር አውጥቷል። የዐይኗ ሽፋሽፍት ሥርም ደርቆ ተፈርፍሯል። የብርዱን ወራት ደህና ከርማ ነበር። ኤፕሪል ገብቶ ዛፉ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ ግን እንደ አምናው ተነሳባት።

ምን መድኃኒት እንደታዘዘላት ስጠይቅ እናቷ ከኩሽናው ቁም ሣጥን፣ ከበርበሬው ዕቃ ጎን፣ አንድ ቲዩብ አውጥታ አሳየችኝ። ትሪያምሲኖሎን 0.1 በመቶ፣ 80 ግራም። የታዘዘው ባለፈው ኖቬምበር ነው። ጫፉ ትንሽ ከመጎድጎዱ በቀር እንዳለ አለ።

"ስቴሮይድ እኮ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ቆዳ ይበላል ይላሉ። እኔ ምግቡን ነው ያቆምኩላት። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ኦቾሎኒማ ከነጭራሹ።" ጾሙም ሥራዋን አቅልሎላታል። ከአዲስ አበባ ልጇን ልትጠይቅ የመጣችው አያት ደግሞ ማታ ማታ ክርኗን ለጋ ቅቤ ትቀባታለች፤ ቅቤው ሲያልቅ ጥቁር አዝሙድ ዘይት።

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ተመሳሳይ ነገር በብዛት ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የሚወቀሰው ምግብ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈራው መድኃኒቱ። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ለማየት ግን ከመስኮቱ ውጪ ካለው መጀመር ይሻላል።

ዋሽንግተን በፀደይ የምትታወቀው በቼሪ አበባዋ ነው። በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቶኪዮው ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ 3,000 ያህል ችግኝ ለከተማዋ በስጦታ ልከው ነበር። አበባው ሲፈካ ያስነጠሰው ሁሉ በእሱ ያመካኛል። የቼሪ ብናኝ ግን ከባድና ተጣባቂ ነው፤ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት ንቦች እንጂ ነፋስ አይደለም። ሰውን የሚያስቸግሩት አበባቸው ዓይን የማይስበው ዛፎች፣ በርች፣ ሜፕል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦክ ናቸው። በኤፕሪል አጋማሽና ማለቂያ መኪናችንን ቢጫ ዱቄት የሚያለብሱት፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ የሚያርፉት እነሱ ናቸው። ብናኛቸው ቀላል ስለሆነ ደረቅና ነፋሻ ቀን ሩቅ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲጥል ይረግባል።

መጠኑን የሚቆጥረው ደግሞ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የአለርጂ ላቦራቶሪ ነው። የዛፍ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 90 ሲደርስ "ከፍተኛ" ይባላል፤ 1,500 ሲሞላ "እጅግ ከፍተኛ"። በኦክ ሰሞን ይህን ሁለተኛውን ድንበር ማለፍ እዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

አስነጠሰም አላስነጠሰም፣ ብናኝ ቆዳን ምን ያደርገዋል? ይህን በጀርመኗ ሃኖቨር የሚገኙ ተመራማሪዎች በቀጥታ ፈትነውታል። ኤግዚማ ያለባቸውን ሰዎች አየሩ በሚቆጣጠሩት ክፍል ውስጥ ለሁለት ተከታታይ ቀናት አስገብተው፣ ከፊሎቹን የሣር ብናኝ ያለበት አየር፣ ከፊሎቹን ንጹሕ አየር አስነፈሷቸው። በ2015 ባወጡት ውጤት ብናኝ ያገኛቸው ሰዎች ኤግዚማ ብሶ ታየ፤ በተለይም በልብስ ያልተሸፈነው ገላቸው ላይ። የትንሿ ልጅ የዐይን ሽፋን በዚህ ወር ለምን እንደሚፈረፈር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ብናኙ ግን ብቻውን አይደለም፤ የሚያርፈውም ጤነኛ ቆዳ ላይ አይደለም። ኤግዚማ ያለበት ሰው ቆዳ ልስኑ የረገፈ የጭቃ ቤት ነው፤ ውስጥ ያለው እርጥበት ይወጣል፣ ውጪ ያለው ሳሙናና ብናኝ ይገባል። ከኖቬምበር ጀምሮ ቀን ከሌት የሚሠራው የቤት ማሞቂያ አየሩን አድርቆ ቆዳውንም ሲያደርቀው ከርሟል። ኤፕሪል ላይ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ልጁ በወፍራም ሹራብ ወጥቶ በላብ ይመለሳል። ላብ ለተሰነጠቀ ቆዳ ጨው ነው። በላዩ ላይ ለፋሲካ ቤት ይጸዳል፤ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ክረምቱን የተለበሰ ብርድ ልብስ ይወጣል፣ አቧራውና በውስጡ ያሉት ደቂቅ ተባዮች ይነሳሉ። ታዲያ በፀደይ የሚነሳን ኤግዚማ በአንድ ጥፋተኛ ማላከክ አይቻልም።

በ2006 የስኮትላንድ፣ የአየርላንድና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለ፣ የቆዳን የላይኛ ሽፋን የሚያጠነክር ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል (ጂን) ላይ ያለ ጉድለት ለኤግዚማ ዋና አጋላጭ መሆኑን አሳዩ። ጉድለቱ ከአውሮፓውያን ዘጠኝ በመቶ በሚሆኑት ይገኛል። ዓለም ሁሉ መልሱ ተገኘ አለ። በ2011 ግን የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን የኤግዚማ ሕሙማን ላይ ይህንኑ ፈልገው፣ ከመቶ በላይ ሰው መርምረው፣ ጉድለቱን ያገኙት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር። የእኛ ሰው ቆዳም ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቅበት መንገድ ግን አውሮፓ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ አይደለም።

"አገር ቤት እያለች ምንም አልነበራትም" የሚለው የወላጆች አቤቱታም መሠረት አለው። በጃማይካ ኪንግስተን የሚኖሩ ልጆችና ለንደን የሚኖሩ የካሪቢያን ጥቁር ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ኤግዚማ ኪንግስተን ላይ 5.6 በመቶ፣ ለንደን ላይ 14.9 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የዘር ምንጩ ተቀራራቢ ነው፤ የተለወጠው አየሩ፣ ቤቱና አኗኗሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ከሐኪም ክፍል የሚጀምር። የሕክምና መጻሕፍት ኤግዚማን "ቀይ ሽፍታ" ብለው ያስተምራሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በቀላሉ አይታይም፤ ጠቆር፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ብርድ እንደመታው ገላ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል። በ2002 ለንደን ላይ የወጣ ጥናት የበሽታውን ክብደት በመቅላት መለካት በጥቁር ልጆች ላይ የከበደውን ሕመም እንደሚሸፍን አሳይቷል፤ መቅላቱ ከሒሳቡ ሲወጣ ጥቁር ልጆች በከባድ ኤግዚማ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ስድስት እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ "ቀላል ነው" ካለ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። በጣም የተነሳበትን ቀን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ፣ "በሳምንት ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንደምታድር" መናገር፣ የሻከረውን ቦታ ሐኪሙ በእጁ እንዲዳስሰው መጠየቅ። ጣት ዓይን ያላየውን ያገኛል።

ወደ ቡናው ቤት እንመለስ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ነርስ ናት፤ አሥራ ምናምን ዓመት ሠርታለች። ዕጣኑ ሲጨስ መጀመሪያ ያደረገችው ልጅቷን ወደ መስኮቱ ማራቅ ነበር፤ ቀጥላም ብናኝ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ ቲዩቡን ተቀብላ የሚያበቃበትን ቀን አየች።

"ስንት ትቀቢያታለሽ?"

እናት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል የምስር ፍሬ የምታህል አሳየች። ለሁለቱም ክርን፣ ለሁለቱም ጉልበት።

ነርሷ ክዳኑን ከፍታ፣ ከሌባ ጣቷ የመጨረሻ መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ ቅባቱን በመስመር ጨመቀችው። "ይቺ ግማሽ ግራም ገደማ ናት" አለች። "ይቺ የምትበቃው መዳፍሽን ከነጣቶችሽ ሁለቴ ብትዘረጊ ለምትሸፍኚው ቦታ ነው። ከዚህ ካነስሽ መድኃኒት አልቀባሽም፤ ሸተት አድርገሻል።" ሒሳቡን እኔ ሠራሁት፤ 80 ግራም ቲዩብ 160 ያህል እንዲህ ያለ መስመር ይወጣዋል።

"ቆዳዋስ ቢነጣብኝ?"

የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁለት ፊት አለው። ኤግዚማ ሲሽር ነጣ ያለ ምልክት የሚተወው ብዙውን ጊዜ መቆጣቱ ራሱ ነው። የቀለም ሕዋሳቱ ተረብሸው ይቆዩና በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ሳይታከም በቆየ ቁጥር፣ በታከከ ቁጥር ምልክቱ ይብሳል። ፍርሃቱ ግን ከባዶ አልመጣም። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ክሎቤታሶል ያለባቸው ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ለማቅላት ይሸጣሉ። ፊቱ የሳሳ፣ ደም ሥሩ የተጋለጠ፣ ብጉር ያወጣ ሰው ሁላችንም አይተናል። እዚህ አሜሪካ የቆዳ ስቴሮይዶች በጥንካሬ በሰባት ደረጃ ይከፈላሉ፤ ክሎቤታሶል አንደኛው ላይ ነው፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ሰባተኛው ላይ። ትሪያምሲኖሎን መሐል ላይ ነው። ሰው የፈራው ሌላ ቲዩብ ነው፤ የቀጣው ግን ልጁን ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ሐኪሙ ለክርንና ለጉልበት ያዘዘው ለፊት አይሆንም። ለዐይን ሽፋንና ለአንገት ደካማ ስቴሮይድ ወይም ስቴሮይድ የሌለባቸው እንደ ታክሮሊመስ ያሉ ቅባቶች ይታዘዛሉ። ሲነሳ ወዲያው ይጀመራል፣ ቆዳው ሲዳሰስ እስኪለሰልስ ይቀባል። ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አይቋረጥም፤ ሻካራው ካለ በሽታው አለ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ተመልሶ ሐኪም ማየት ነው። በየፀደዩ የሚያገረሽበት ሰው ደግሞ፣ ከዳነ በኋላ የለመደውን ቦታ በሳምንት ሁለት ቀን መቀባቱን ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 መመሪያው የሚመክረው ነው። ኦክ ከማበቡ በፊት ቢጀመር ይበልጥ ያዋጣል።

አሁን ስለ ምግቡ። በዚያ ቤት የሆነውን ልብ በሉ፤ ወተቱ ከልጅቷ አፍ ተከልክሎ፣ የወተቱ ቅቤ በተሰነጠቀ ቆዳዋ ላይ ይቀባል። የለንደኑ የአለርጂ ሐኪም ጊዴዮን ላክ ለዓመታት ሲሞግቱ የኖሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፤ በተጎዳ ቆዳ ሲገባ ግን እንደ ጠላት ይመዘግበዋል ይላሉ። በ2015 የወጣው ጥናታቸው ከባድ ኤግዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት ከጨቅላነት ጀምረው ኦቾሎኒ እንዲቀምሱ ማድረግ የኦቾሎኒ አለርጂን በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ማለት ከባድ ኤግዚማ ላለበት ጨቅላ ኦቾሎኒ ያለ ምርመራ ይሰጠው ማለት አይደለም፤ ሐኪም ይምራችሁ። ነገር ግን በግምት እንቁላልና ወተት ከልጅ ገበታ ማንሳት ኤግዚማውን አያድንም፤ ልጁን ሊያቀጭጭ፣ አንዳንዴም ያልነበረ አለርጂ ሊወልድ ይችላል። አንድ ምግብ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ይመርመር።

ታዲያ በቅቤው ፋንታ ምን? እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከን ቀላል ነው። እንግሊዝ አገር 550 ሕፃናትን ያሳተፈ፣ በ2022 የወጣ ጥናት ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄልና ወፍራም ቅባት ቢወዳደሩ አንዱ ከሌላው እንደማይበልጥ አግኝቷል። ልጁ እምቢ ሳይል የሚቀባው፣ ሽቶ የሌለው፣ ኪስ የማይጎዳው ይበቃል። ተራ ቫዝሊን ይሠራል። የወይራ ዘይት ግን ይቅር። በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ቆዳ ላይ እንኳ ሽፋኑን እንደሚያዳክም አሳይቷል። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም ቆዳ የሚያስቆጣባቸው ሰዎች አሉ። አያትን ማስቀየም ከባድ ነው፤ ነርሷ ያደረገችው ብልሃት ቫዝሊኑን ለአያት ሰጥታ "ማታ ማታ የመቀባቱ ሥራ የእርስዎ ነው፣ እማማ" ማለት ነበር። አያት ተስማማች።

የፀደዩ የቀን ውሎ ይህን ይመስላል። ልጅ ከውጪ ሲገባ ልብሱን በር ላይ ይቀይር፣ ፊቱንና እጁን ይታጠብ። ገላ መታጠቢያው ማታ ይሁን፤ ለብ ባለ ውሃ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ሽቶ በሌለው ማጠቢያ። በፎጣ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ፣ ገላው ሳይደርቅ፣ መድኃኒቱ የታመመው ቦታ ላይ፣ ቫዝሊኑ በሌላው ላይ። የሴቶች ልጆች ጸጉር ደግሞ ማንም የማይነግረን ጉዳይ ነው። ሹሩባ በየቀኑ አይታጠብም፤ ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ብናኝ ማታ ትራስ ላይ ያራግፋል። ውጪ ስትወጣ ሻሽ፣ ስትተኛ ሌላ ንጹሕ ሻሽ። ልብስ በረንዳ ላይ አይሰጣ፤ መስኮት ይዘጋ። ቤናድሪል እንቅልፍ ያመጣል እንጂ የኤግዚማን ማሳከክ ከሥሩ አያቆምም።

የትንሣኤ ሌሊት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ ሙቀቱ ብዙ፣ ዕጣኑ ብዙ። የሀገር ልብሱ ጥጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የሚያሳክከው ጥልፉና ሰው ሠራሹ ክር ነው። ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ይልበሱ፣ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ቫዝሊን ይያዝ። ከማዕጠንቱ ራቅ ያለ፣ በር አካባቢ መቆም ነውር የለውም።

አዋቂዎችም አልተረፉም። አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን የሚታጠቡ እናቶቻችን፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሲከትፉ የሚውሉ የምግብ ቤት ሠራተኞች እጅ ላይ የሚወጣው አብዛኛው የዚሁ ዘመድ ነው። ጓንት፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት፣ ከታጠቡ በኋላ ቅባት። ቅባት ላልበቃቸው ሰዎች ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። በ2017 ለአዋቂዎች የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ በ2022 ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ ተፈቅዷል። ውድ ነው፤ የኢንሹራንስ ክርክር ይጠይቃል። መኖሩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ከኤግዚማ ይለዩ። ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት የሚያክክ ከሆነ፣ በጣቶች መሐልም ከወጣ፣ እከክ ሊሆን ይችላልና ሕክምናው ሌላ ነው። ሁለተኛው አደገኛ ነው። ኤግዚማው ላይ በድንገት መጠናቸው እኩል የሆነ፣ መሐላቸው የጎደጎደ፣ የሚያሙ ብዙ ቁስሎች ከወጡና ትኩሳት ካለ፣ የሄርፐስ ቫይረስ ቆዳው ላይ ተሰራጭቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዐይን አካባቢ ከሆነ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። በዚያው ቀን፣ እሑድም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቢጫ ቅርፊትና መግል ደግሞ ባክቴሪያ ነው፤ ሐኪም ይየው።

በዋሽንግተን አካባቢ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። የሚቀጥለው ዓመት፣ የ2027 ፋሲካ፣ ሜይ 2 ላይ ይውላል፤ ኦክ ዛፎቹ ብናኛቸውን በሚያራግፉበት ሰሞን ማለት ነው። በየፀደዩ የሚነሳበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ለጥምቀት ነጭ ልብስ ስታወጡ ለሐኪሙም ደውሉ፤ መድኃኒቱ ከማርች በፊት እጃችሁ ይግባ።